ስም ያልተሰበሰበላቸው የእሳት እራቶች፤ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ አንጻር የቀረበ የስያሜ ታሪክ

1. መግቢያ

የነፍሳት ስብስብ የሚያዘጋጅ ሰው ከእያንዳንዱ ናሙና ሥር በሚሰካት ትንሽ ወረቀት ላይ የተገኘበትን ቦታ፣ የቦታውን ከፍታ፣ ቀኑንና የሰብሳቢውን ስም ይጽፋል። የአገሩ ሰው ያንን ፍጡር ምን ብሎ እንደሚጠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም። በአንጻሩ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ስሙን በጥንቃቄ ይመዘግብና ፍቺውን «የወፍ ስም»፣ «የዛፍ ስም»፣ «የትል ዓይነት» በሚል አጭር ቃል ያልፈዋል። ከመጀመሪያው ሥራ ስም የሌለው ናሙና፣ ከሁለተኛው ደግሞ ናሙና የሌለው ስም ይተርፈናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የእሳት እራት ወገን ምሳሌ በማድረግ ይህ መለያየት በታሪክ እንዴት እንደ መጣ፣ በትርጉም ሥራ ላይ ምን እንደሚያስከትልና በምን መንገድ ሊቃና እንደሚችል ማሳየት ነው።

ወገኑ በሳይንሳዊ ስሙ ስፊንጊዴ ይባላል፤ በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበውለታል። የዚህ ወገን የእሳት እራቶች ሰውነታቸው ወፍራምና ወደ ጭራ የሾለ፣ የፊት ክንፋቸው ረጅምና ጠባብ፣ በረራቸውም እጅግ ፈጣን ነው። ብዙዎቹ አበባ ላይ ሳያርፉ በአየር ላይ ቀጥ ብለው እየቆሙ ረጅም መምጠጫቸውን ዘርግተው ይቀስማሉ። የአብዛኛዎቹ ትል ደግሞ በጭራው ጫፍ ላይ አንድ ቀንድ አለው።

ለምሳሌ የተመረጠው አካባቢ ከወልድያ እስከ መርሳ የተዘረጋው የሰሜን ወሎ ምድር ነው። ወልድያ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ የዞኑ ዋና ከተማ ስትሆን፣ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መርሳ ከእርስዋ በስተ ደቡብ ዝቅ ብላ ትገኛለች። የሀብሩ ምድር ከወይና ደጋው ተነሥቶ ወደ ቆላው እያዘቀዘቀ በስተ ምሥራቅ ከአፋር ክልል ጋር ይዋሰናል። ስለዚህ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ የአየር ጠባዩ፣ ዕፅዋቱና ከዕፅዋቱ ጋር የሚኖሩት ነፍሳት ይለዋወጣሉ። ለቋንቋ ተመራማሪም አማርኛ ከአፋርኛና ከኦሮምኛ ጋር ለዘመናት የተጎራበተበት አገር ስለሆነ የቃል ጥናት ሊደረግበት የሚገባ ነው።

2. የሌሎች ቋንቋዎች ልምድ

የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባወጣው ሥራው ለእነዚህ የእሳት እራቶች ስፊንክስ የሚል ስም ሰጠ። ምክንያቱም ትሉ ሲነካ የፊት አካሉን ቀና፣ ራሱን ደፋ አድርጎ ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆይ አቀማመጡ የግብፁን የስፊንክስ ሐውልት ያስታውሳል። ፈረንሳዊው ላትሬይ እ.ኤ.አ. በ1802 የወገኑን ስም ከዚሁ አወጣ። ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ይህንኑ ይዘዋል። እንግሊዝኛ ግን ትሉን ትቶ በራሪውን በማየት ከጭልፊት ጋር አመሳሰለው። የጀርመንኛው ሽቬርመር ወዲያ ወዲህ እያለ የሚበር ማለት ሲሆን፣ የሩስያኛው ብራዥኒክ የአበባውን ወለላ ሲጠጣ ውሎ የሚያድረውን ጠጪ ያመለክታል። አንዱ አቀማመጡን፣ አንዱ ፍጥነቱን፣ አንዱ መንከራተቱን፣ አንዱ ጥሙን አየ። ከዚህ የምንረዳው ስያሜ ከፍጡሩ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን ተመልካቹ ከቆመበት ቦታም የሚፈልቅ መሆኑን ነው።

የተመልካቹ እምነትም በስሙ ውስጥ ይገባል። በአፍሪካም በአውሮፓም የሚገኘው አኬሮንቲያ አትሮፖስ የተባለው ዝርያ በጀርባው ላይ የራስ ቅል የመሰለ ምልክት አለው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ስሙ ከግሪኮች የሲኦል ወንዝ፣ ሁለተኛው የሰውን የዕድሜ ክር ትቆርጣለች ከምትባለው የግሪኮች አምላክ ተወሰደ። ይህ የግሪክና የአውሮፓ ፍርሃት እንጂ የፍጡሩ ጠባይ አይደለም። ተርጓሚው «የሞት እራት» ወይም «የሞት መልእክተኛ» የሚል ስም ቢሰጠው ሳይንስን ሳይሆን የሌላ አገር ሟርት ወደ አማርኛ አስገባ ማለት ነው። ማክሮግሎሱም ትሮኪሉስ የሚባለው በቀን የሚበር የአፍሪካ ዝርያም የተሰየመው በአሜሪካ ምድር ብቻ በምትገኝ፣ አበባ በምትቀስም ደቃቃ ወፍ ነው፤ ይህን ስም በቃሉ መተርጐም አንባቢው አይቶት በማያውቀው ወፍ የሚያየውን ፍጡር ማስረዳት ይሆናል።

3. አማርኛ የሚሰይመውና የማይሰይመው

አማርኛ የነፍሳት ስም አያንሰውም፤ ነገር ግን ስሞቹ የተሰጡበት መንገድ አለ። ልብስ የሚበላው ብል ነው፤ ጆሮም ስሙን «በላ» ከሚለው ግሥ ጋር ያያይዘዋል። እህል የሚበላው ነቀዝ ነው፤ ከዚህም «ነቀዘ» የሚል ግሥ አለን። ቡቃያ የሚያወድመው ተምች፣ ክንፍ ያላወጣው አንበጣ ኩብኩባ፣ ጠጕሩ የሚያሳክከው ትል አባ ጨጓሬ ይባላል። በወሎ የእህል ማሳ ላይ ጉዳት የሚያደርሰውና በሳይንስ ዲክቲኮይዴስ ብሬቪፔኒስ የተባለው የፌንጣ ዘመድ በአርሶ አደሩ ዘንድ ደገዛ ይባላል። በግእዝም ጻጼና ቍንቍኔ ልብስንና እንጨትን የሚያበላሹ ደቃቅ ፍጥረታት ስሞች ናቸው። ከዚህ ዝርዝር እንደሚታየው ሕዝቡ በዝርዝር የሰየመው ጓዳውንና ማሳውን የነካውን ነው።

ጉዳት የሌለው ነፍሳት ግን በጥቅል ስም ይጠራል። በቀን የሚበረው ቢራቢሮ ነው፤ ድምፁ «በረረ»ን ያስታውሳል። በሌሊት ወደ ብርሃን የሚመጣው ሁሉ ደግሞ የእሳት እራት ነው። ይህ ስም በአማርኛ ካሉት የነፍሳት ስሞች ሁሉ የተለየ ነው፤ ፍጡሩን በመልኩ ወይም በሥራው ሳይሆን በመጨረሻ ዕጣው ይጠራዋልና። ከዚህም የተነሣ ምሳሌያዊ ፍቺው ከመሠረታዊው ፍቺ ይልቅ ገንኗል። ሰዎች ያለ ጥቅም ወደ ውጊያ ሲማገዱ «የእሳት እራት ሆኑ» ይባላል። መዝገበ ቃላት ይህን ፍቺ ሳይዝ ቢቀር ጎደሎ ይሆናል፤ ይህን ብቻ ይዞ ነፍሳቱን ቢዘነጋም እንደዚሁ።

«ነፍሳት» የሚለው ቃል ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ቃሉ የ«ነፍስ» ብዙ ቁጥር ስለሆነ ሁለት ፍቺ ያሻማል፤ ይህን ለማስቀረት «ሦስት አጽቄ» የሚል ሙያዊ ቃል ተሠርቶ በመማሪያ መጻሕፍት ገብቷል። ቃሉ ትክክለኛ ነው፤ የአካሉን በሦስት መከፈል ያመለክታል። ይሁን እንጂ በዕለት ንግግር የሚሰማው ዛሬም ነፍሳት ነው። በጠረጴዛ ላይ የተሠራ ቃል ትክክል በመሆኑ ብቻ በሰው አፍ አይገባም።

4. ሰብሳቢዎች የወሰዱትና የተዉት

የአማርኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ የተጀመረው ከሰው አፍ በመጠየቅ ነው። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት መሠረቱ ከዛሬው ደቡብ ወሎ ከመካነ ሥላሴ ከተገኙት ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ነው። ስለሆነም የወሎ ሰው አንደበት ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም።

የተፈጥሮ ናሙና የሚሰበስቡ መንገደኞችም መጀመሪያ ላይ ስምን ከፍጡሩ አልለዩም። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ከብት ስለሚያስጨንቅ ዝንብ ሲጽፍ የአገሩን ስም እንደ ሰማው መዘገበ፤ «ዝምብ» የሚለው ቃል በዚሁ መንገድ ወደ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገባ። ጀርመናዊው ኤዱአርድ ሩፔል በ1835 ጭላዳን፣ ዋልያንና ጉሬዛን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ሦስቱንም በሕዝቡ በሚጠሩበት ስም ሰየማቸው፤ ዛሬም በዓለም ሙዚየሞች ሁሉ ስማቸው ይኸው ነው። ጤፍና እንሰትም ስማቸውን ይዘው ወደ ላቲን ስያሜ ገብተዋል። እነዚህ ስሞች ፍጡሩን ብቻ ሳይሆን ስለ ፍጡሩ የሚያውቀውን ሕዝብም ይመሰክራሉ።

ለእሳት እራትና ለቢራቢሮ ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው የጂኦሎጂና የእንስሳት ሊቅ ብላንፎርድ ምልከታውን በ1870 አሳትሟል። ጦሩ የተጓዘበት መንገድ ግን ከአሸንጌ ሐይቅ በኋላ ከፍተኛውን ምድር ስለያዘ የወልድያና የመርሳ ዝቅተኛ አገር ከመንገዱ ውጪ ቀረ። በ1876 ወደ ሸዋ የመጣው ጣሊያናዊው አንቲኖሪ በአንኮበር አቅራቢያ በልጥ ማረፊያ ሰፍሮ እስከ ሞተበት እስከ 1882 ድረስ ሰበሰበ። የሰበሰባቸውን የቢራቢሮና የእሳት እራት ናሙናዎች ፈረንሳዊው ኦበርቱር አጥንቶ በጄኖቫ ሙዚየም መጽሔት አወጣ። በ1883 ኦበርቱር አንዱን ታላቅ ቢራቢሮ በአንቲኖሪ ስም ሰየመው። ናሙናው ሲሄድ የሰብሳቢው ስም አብሮት ሄደ፤ የአገሩ ስም ግን አልሄደም።

ከዚያ በኋላ የስፊንጊዴ ጥናት በታላላቅ ስብስቦች ዙሪያ አደገ። ሮትሽልድና ዮርዳን እ.ኤ.አ. በ1903 በእንግሊዝ አገር ያሳተሙት ሥራ የመላውን ዓለም ዝርያዎች መርምሮ አደላደለ። በናይሮቢ ሙዚየም የሠራው ካርካሶን ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ የአፍሪካን ዝርያዎች ዝርዝር አሻሽሎ አወጣ። ዛሬ ዝርያን መለየት የክንፍ ሥዕልን ከማነጻጸር አልፎ የመራቢያ አካላትን በማጉያ መነጽር መመርመርንና የዘር ቅንጣት ምርመራን ይጨምራል። የሙያው መሣሪያ እንዲህ ሲራቀቅ በመለያ ወረቀቷ ላይ ለአገሩ ስም የሚሆን መስመር አልተጨመረባትም።

5. በመለያ ወረቀት ላይ የሚገጥሙ ወጥመዶች

ተርጓሚዎችንና ፊደል ለዋጮችን በቀጥታ የሚመለከት ሦስት ነገር አለ። አንደኛው የቦታ ስም አጻጻፍ ነው። በጣሊያን ካርታዎች የ«ወ» ድምፅ በ«ኡ» ፊደል ስለሚጻፍ ወሎም ወልድያም በእንግሊዝኛ ካርታ ከሚገኙበት ተራ ርቀው ይገኛሉ። በሁለት ወረቀት ላይ በሁለት መልክ የተጻፈውን አንድ ከተማ እንደ ሁለት ቦታ የሚቆጥር ሰው የዝርያውን ስርጭት ያዛባል።

ሁለተኛው የስሞች መመሳሰል ነው። «መርሳ» በዐረብኛ የመርከብ መቆሚያ ማለት ስለሆነ በባሕር ዳርቻዎች ላይ የተለመደ ስም ነው፤ በኤርትራ መርሳ ፋጡማ፣ በግብፅ መርሳ ማትሩህ ይገኛሉ። ወረዳና ከፍታ ሳይጨመርበት «መርሳ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ናሙና ከተራራ ሥር ተወስዶ ከባሕር ዳር ሊመደብ ይችላል። «መርሳ፣ ሀብሩ፣ ሰሜን ወሎ» ብሎ መጻፍ ግን ይህን ሁሉ ይከለክላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው የአገራችን ስም ራሱ ነው። ስክሌተር እ.ኤ.አ. በ1858፣ ዋላስም በ1876 የዓለምን እንስሳት በየምድሩ ሲከፍሉ ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካ በሙሉ የኢትዮጵያ ክፍል ብለውታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሌላ ስያሜ መተካት እስኪጀምር ድረስ ይህ አጠራር በሥነ ነፍሳት ጽሑፎች የተለመደ ነበር። ስለዚህ በአሮጌ ጽሑፍ «የኢትዮጵያ ስፊንጊዴ» የሚል ቢገኝ የኬፕታውንም የሌጎስም የእሳት እራት በውስጡ አለ። ይህን ሳያውቅ የተረጐመ ሰው በኢትዮጵያ ታይተው የማያውቁ ዝርያዎችን ለኢትዮጵያ ይሰጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ «ከሰሃራ በታች ያለው የአፍሪካ ክፍል» ተብሎ መተርጐም ይኖርበታል።

6. ስለ ስያሜው የቀረበ ሐሳብ

ለወገኑ በእንግሊዝኛው መንገድ «ጭልፊት የእሳት እራት» የሚል ስም ማውጣት ቀላል ይመስላል። ሆኖም የአማርኛው ጭልፊት «ጨለፈ» እና «ጭልፋ» ከሚሉት ቃላት ጋር ይዛመዳል፤ ጫጩት ጨልፎ የሚሄደውን እንጂ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን አያስታውስም። «ጭልፊት መጣ» ሲባል የሀብሩ ገበሬ ጫጩቱን ይሰበስባል እንጂ የስኳር ድንች ማሳውን አይመረምርም።

ማሳውን መመርመሩ ግን አስፈላጊ ነው። አግሪየስ ኮንቮልቩሊ የተባለው ዝርያ፣ ሁለተኛው ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ትሉ የሐረግ ወገን በሆኑ ዕፅዋት ላይ ያድጋል፤ የሐረግ ወገን ከሆኑት ሰብሎች ዋነኛው ደግሞ ስኳር ድንች ነው። ትሉ ሲበዛ ቅጠሉን ግንዱ ድረስ ይጨርሳል። ጊዜው ሲደርስ ከአፈር ውስጥ ገብቶ ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ይቆያል፤ በዚህ ቅርፊት ላይ የመምጠጫው መያዣ እንደ ጀበና እጀታ ጎብጦ ይታያል። ትሉን በእጅ መልቀምና መሬቱን አርሶ ቅርፊቱን ለፀሐይና ለወፍ ማጋለጥ የታወቁ መከላከያዎች ናቸው። ይህን የሚያስረዳ በራሪ ጽሑፍ በራሪውን፣ ትሉንና ቅርፊቱን በማይዛመዱ ሦስት ስሞች ቢጠራቸው ገበሬው የሦስት ፍጡራን ታሪክ ያነበበ ይመስለዋል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለወገኑ «አንዣባቢ የእሳት እራት» የሚለው ስም ለጊዜው ሊያገለግል ይችላል። «አንጸባረቀ» አንጸባራቂን፣ «አንቀሳቀሰ» አንቀሳቃሽን እንደሚሰጥ ሁሉ «አንዣበበ» አንዣባቢን ይሰጣል፤ ቅርጹ ለጆሮ አይከብድም፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በአንድ ቦታ ላይ መቆየትንም ይገልጻል። «አደጋ አንዣበበ» ከሚለው አነጋገር የስጋት ጥላ ቢኖርበትም ስለ አሞራም ስለ ደመናም ያለ ክፋት ይነገራል። ለትሉ «ቀንዳም ትል» ይበቃል፤ «ቀንደኛ» ግን የአድማ መሪ የሚል ፍቺ ስላለው አይስማማም። በቀን የሚበረውና ወደ እሳት የማይመጣው ዝርያ «የእሳት እራት» መባሉም ሊያሳስብ አይገባም። ስኳር ድንች ከድንች ወገን አይደለም፤ ስሙ ግን ሳያሳስት ያገለግላል።

የዚሁ ምሳሌ ሌላ ገጽ ጥንቃቄን ይጠይቃል። የአትሮፖስ ትል ድንችን፣ አስተናግርንና የእምቧይ ዘመዶችን ሲበላ የኮንቮልቩሊ ትል ስኳር ድንችን ይበላል። በሌላ በኩል የድንችን ሥር እየሰረሰረ የሚበላ፣ ከዚህ ወገን ያልሆነ ደቃቅ የእሳት እራትም አለ። ስለዚህ «የድንች የእሳት እራት» የሚል ስም ሦስቱን ያደባልቃልና ለአንዳቸውም ያለ ተጨማሪ ገላጭ ሊሰጥ አይገባም።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት ስሞች ቦታ ጠባቂዎች ናቸው። የሀብሩ ሰው የራሱ ቃል ካለው ቅድሚያው የእርሱ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ለንብ አናቢዎች ቢቀርብ መልካም ይሆናል፤ አትሮፖስ ቀፎ ገብቶ ማር የሚመጥጥ፣ ሲያዝም የሚጮኽ ነውና ስም ሳይሰጠው ለመቅረት ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። ከዚያ ቀጥሎ በማሳ ላይ ትሉን የሚለቅሙት፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆችና ከአፋር ጋር የሚገበያዩ ነጋዴዎች መጠየቅ አለባቸው። በመለያ ወረቀቷም ላይ ከቦታ፣ ከከፍታና ከቀን በተጨማሪ ናሙናው የተገኘበት ተክል፣ የተሰማው ስም በተሰማበት አነጋገር፣ የተናጋሪው ዕድሜና ሥራ፣ ቃሉ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ሊጻፍ ይገባል።

ለዕፅዋት ይህን የመሰለ ሥራ ተጀምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ለአራተኛ ጊዜ የታተመው የወልደ ሚካኤል ቀለቻ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ስሞች መፍቻ ስምንና ዝርያን ጎን ለጎን አስቀምጧል። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የተጀመረው የሙያ ቃላት ሥራም በ1989 ዓ.ም. በታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ፍሬ አሳይቷል። የነፍሳት ስሞች እነዚህን ሁለት መንገዶች ሊያገናኙ ይችላሉ።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ባለፉበት ወቅት የወልድያ ዩኒቨርሲቲና በሀብሩ የሚገኘው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል ከተዘረፉትና ከተጎዱት ተቋማት መካከል ነበሩ። በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ ናሙና በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል፤ በአንድ ሽማግሌ አንደበት ብቻ ያለ ቃልም እንደዚሁ። የጠፋ ናሙና በሚቀጥለው ክረምት ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ፣ መብራት አብርቶ እንደገና ሊያዝ ይችል ይሆናል። ቃል ግን ተናጋሪው ካለፈ በኋላ በየትኛውም መብራት ተጠርቶ አይመጣም። ስለሆነም የነፍሳት አጥኚውና የቃላት አጥኚው ወደ ሀብሩ የሚያደርጉት ጉዞ አንድ ጉዞ፣ የሚጽፉበትም ወረቀት አንድ ወረቀት እንዲሆን ያስፈልጋል።